ሆድ ዕቃው የወጣ ቴሌቪዥን

ፒያሳ ላይ ሱቅ አለው፣ ቴሌቪዥን ጠጋኙ፣
ስንሻው፣ የሚሠራ፣ ለነጡም ላገኙ።
አንድ ከርሳም ቴሌቪዥን፣ ባለቤቱ ረስቶት፣
ሆድ ዕቃው የወጣ፣ መስታወት የሌለው፣ አቧራ ለብሶት፣
ተሸክሞት መጣ ብልኮ።

መብራት በጠፋ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ፣
ሣጥኑ በርሜል ላይ፣ ስንሻው ከሣጥኑ ኋላ።
ክራባቱ የብስክሌት ጎማ፣ ኮቱ የሠርጉ ኮት፣
ከወገቡ በታች ቁምጣ፤ የዜና አንባቢን እግር ማን አይቶት!
እኔ መብራት ክፍል ነኝ፤ ስልኬን ከአገጩ ሥር አበራለሁ፣
ትርፌ በድስት ክዳን መክፈቻውን ስትመታ እቆጥራለሁ፤
ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ።

«ጤና ይስጥልን፣ ክቡራን ተመልካቾች።
ዛሬም ተገለጸ።
ምን እንደተገለጸ ወደፊት እንደሚገለጽ ተገለጸ።
መግለጫው አበረታች መሆኑን የገለጹት ኃላፊም
መግለጻቸው ተጠናክሮ ይቀጥላል።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ፣
ባለ ባጃጁ ጥላዬ መሪውን ደግፎ አለቀሰ።

«አሁን ወደ መስክ፦» አንገቱን በጎን ያወጣል፣
የትርፌን ነጠላ ይደርብና አርሶ አደር ይሆናል፤
«እኛ ድሮ'ማ በጨለማ ነበርን፤ አሁን ግን፣ ምስጋና ይግባና...»
ዙሪያውን ያያል።
ድቅድቅ።
ስልኬን ትንሽ ዝቅ አደርግለታለሁ፣ ለማገዝ።
«...ወደ ስቱዲዮ እንመለስ።»

ከዚያ የተሰጥኦ ውድድር፤ ዳኛው እሱ፣
ተወዳዳሪዋ የአሥር አለቃ ፈንቴ በግ።
«ድምፅሽ ሸጋ ነው፤ የመድረክ አያያዝ ይቀርሻል፣
ቢሆንም ለቀጣዩ ዙር አልፈሻል።
ቀጣዩ ዙር ፋሲካ ነው።»

ያን ሰሞን ቦኖው ከደረቀ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል።
«ሰበር ዜና!» አለ፣ «ዛሬ ማታ ከአራት ሰዓት አንሥቶ፣
ለብልኮ ነዋሪ ውኃ ይለቀቃል፣ ቦኖው ተከፍቶ።»
እንደዚያ ተስቆ አያውቅም።
እትዬ አንጓች ብቻ አልሳቁም።
ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ፤
ቦኖው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።
አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል። ብርዱ ከነጥርሱ።

«ኧረ እትዬ፣ ቀልድ ነው!» አላቸው ጥላዬ።
«ቴሌቪዥን ተናግሯል» አሉ፣
ጀሪካኑን ወደ ቧንቧው አፍ ጠጋ አድርገው።

ሳቁ ካፋችን እየወጣ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ገባ።
ስንሻው ከሣጥኑ ወጣ፤ ከሣጥኑ ውጪ ፊቱ አነሰብኝ።
ከማን ደጅ ጀሪካን እንዳነሣ አላየሁም፤
ዳገት ቁልቁለቱን ወደ ፒያሳ ይሮጣል፣
እኔም ከኋላው እያበራሁ፣ መብራት ክፍል ነኝና።
አንድ ሆቴል በር ላይ ዘበኛውን ሲለምን ሰማሁት፦
«ከሮቶው አርባ ሊትር፣ በናትህ።»
«ለምንህ?»
«ለዜና።»

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ጀሪካን በሁለት እጁ፣
ጎማ ክራባቱ ወደ ጀርባው ዞሮ፣
ቁምጣው ረጥቦ፣ ቦኖው ሥር ደረሰ።

እትዬ አንጓች በመዳፋቸው ቀመሱ፣ አፋቸውን ጠረጉ።
«የኔ ልጅ፣ ድምፅህን ጨቅላ ሆነህ ስታለቅስ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤
በሣጥን ውስጥ ብታልፍ ይጠፋኛል?
ዋናው ቴሌቪዥን ውኃ መጣ ባለ ቁጥር
ስንት ሌሊት እዚችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤
ማን መጥቶ አየኝ?
አንተ ግን ታፍራለህ ብዬ ነው።»

በማግስቱም መብራት አልመጣም።
ትርፌ ክዳኑን መታች፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ።
እትዬ አንጓች ከፊት ረድፍ ናቸው፣
ሁለት ጀሪካን፣ ቀኝና ግራቸው።
ስንሻው ጉሮሮውን ጠረገ። አያቸው።
ያን ማታ የአየር ጠባዩን ብቻ አነበበ፤
እሱንም፣ ዝናብ የሚለውን ዘሎ።